ፒክአፑ ስንት ይጭናል?

«አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ብቻ ነው የሚታየኝ። ጭንቅላትሽ የት ገባ?»

ሶሬቲ ከአባቷ ፒክአፕ ሥር በጀርባዋ ተንጋላ ስለነበር ድምፃቸውን ሰማች እንጂ ሰውየውን አላየችም። ከአፍንጫዋ ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ከኋላ ጎማው አጠገብ፣ ዝገትና ጭቃ የለበሱ ብረቶች ተደራርበው ታስረዋል። የላይኛው ረጅም ነው፤ ከሥሩ ያለው አጠር ይላል፤ ቀጣዩ ደግሞ ይብሳል። ሁሉም እንደ ቀስት ጎብጠዋል።

«ጋሽ ዱሬሳ፣ እነዚህ ብረቶች ለምንድን ነው እኩል ያልሆኑት?»

«መጀመሪያ ውጪልኝ! ክሪክ ላስገባ ነው። ክሪክ ላይ በቆመ መኪና ሥር ሰው አይተኛም።»

ሶሬቲ እየተሳበች ወጣች። ጀርባዋ በአቧራ ነጥቷል። አባቷ ሰቦቃ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ይተዉዋት ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ካልጠየቀች ያማታል።»

ጋሽ ዱሬሳ ቀበና ወንዝ ዳር ባለችው ጠባብ ጋራዣቸው ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ ነገር ብቻ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ባሌስትራ። እነዚያ የተደራረቡ ብረቶች ባሌስትራ ይባላሉ። መኪናው የተሸከመውን ሁሉ የሚሸከሙት፣ ጉድጓድ ሲመጣ የሚተጣጠፉት፣ ጉድጓዱ ሲያልፍ ደግሞ የሚቃኑት እነሱ ናቸው። «እኩል ያልሆኑት መሀሉ ላይ ሸክሙ ስለሚበዛ ነው» አሏት ጋሽ ዱሬሳ። «መሀሉ ላይ ሁሉም ይተጋገዛሉ። ጫፉ ላይ አንዱ ይበቃል።»

ሰቦቃ በየቀኑ ከመሪ ሰፈር እንቁላል እየጫነ የካ ዳገት ላይ ላሉ ሱቆች ያከፋፍላል። እንቁላል ለፒክአፑ ምኑም አይደለም። ችግሩ በዓመት አራት ጊዜ ነው የሚመጣው። ቤተ ክርስቲያናቸው ወጣቶቹን ይዞ ለሁለት ቀን ጸሎትና ትምህርት ከእንጦጦ ጀርባ ሲወጣ፣ ጄኔሬተሩም፣ ድንኳኑም፣ ስፒከሩም፣ የውሃ ታንከሩም በዚህችው መኪና ነው የሚሄደው። ባለፈው ጊዜ ግማሹ ዕቃ እንደተጫነ የመኪናዋ ኋላ ተዘረጠጠ፤ ፊቷ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ፤ ጎማው ከበላዩ ካለው ፓራፋንጎ ጋር እየተፋተገ መሽተት ጀመረ። ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ፕሮግራሙ ዘገየ። ሰቦቃ ማንም ምንም ሳይለው አፈረ።

«ሁለት ብረት ይጨምሩበትና ይገላግሉኝ» አለ አሁን።

«ከባዱን በዓመት ስንት ጊዜ ነው የምትጭነው?»

«አራት። ቢበዛ አምስት።»

«እንቁላሉንስ?»

«በየቀኑ ነዋ።»

«እንግዲያው ለአራት ቀን ብለህ ዓመቱን ሙሉ እንቁላል ስትሰብር ልትኖር ነው። ብረት ሲጨመር መኪና ይደርቃል። ቀለል ብለህ ስትሄድ እያንዳንዱን ጉድጓድ ለእንቁላልህ ይነግርብሃል።»

ሶሬቲ ሁለቱንም አየች። «ሲከብድ ብቻ የሚሠራ፣ ሲቀል ደግሞ አርፎ የሚተኛ ነገር የለም?»

የተናገረችው ለቀልድ ነበር። ጋሽ ዱሬሳ ግን አተኩረው አይዋትና «አለ» አሉ። ከግድግዳው ሥር አንድ ወፍራም፣ ለዘብ ብሎ የጎበጠ ብረት አወጡ። «ይሄን ከባሌስትራው በላይ አስረዋለሁ። ሁለት ጫፎቹ ምንም አይነኩም፤ ክፍት ናቸው። መኪናው ዝቅ ሲል ብቻ ጫፎቹ ሻንሲው ላይ ከማስራቸው ማረፊያዎች ጋር ይገናኙና ማገዝ ይጀምራሉ። እኔ ‹ደራሽ› ነው የምለው።»

«ማረፊያዎቹን በብየዳ ነው የሚያያይዟቸው?»

«ሻንሲ የመኪና የጀርባ አጥንት ነው። አጥንት ላይ እሳት አልለቅም፤ ይሰባበራል። በብሎን አስረዋለሁ።» መፍቻቸውን አነሡ።

ሶሬቲ በድንገት ዘላ ፊታቸው ቆመች። «ዛሬ አይሥሩት! በናትዎ ጋሽ ዱሬሳ! አባዬ፣ እስከ ማክሰኞ ብቻ። ከመሠራቱ በፊት መለካት አለብኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘጠነኛ ክፍል የፊዚክስ መምህራቸው ቲቸር ሚልኬሳ «ቤታችሁ ያለ ነገር ለኩና አምጡ» ብለው ነበር። ሌሎቹ የሻይ መቀዝቀዝና የበር ጥላ ሊለኩ ነው። ሶሬቲና ጓደኛዋ ፌበን ግን የቧንቧ ውሃ የሚመጣበትን ቀን ጠብቀው ከጎረቤት ሁሉ ጀሪካን ሰበሰቡ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ አንድ ጀሪካን ሃያ ኪሎ። አምስት ጀሪካን በጫኑ ቁጥር የፒክአፑ ኋላ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው እየለኩ ጻፉ።

«ሶሪ፣ ፊዚክስ ነው እየተማርን ያለነው ወይስ ውሃ መቅዳት?» አለች ፌበን ሃያኛው ጀሪካን ላይ። ፌበን ረጅም ናት፤ አፏም ስልኳም አያርፉም።

«ገና አሥር ይቀራል።»

ቁጥሩ ግን የሚገርም ነበር። በየመቶው ኪሎ ሁለት ሴንቲ ሜትር። መቶ ላይ ሁለት፣ ሁለት መቶ ላይ አራት፣ ስድስት መቶ ላይ አሥራ ሁለት። ነጥቦቹን ሲያገናኟቸው መስመሩ ቀጥ ያለ ሆነ። ሶሬቲን ያ ዝገታም ብረት ይህን ያህል ሐቀኛ መሆኑ ደስ አሰኛት።

ማክሰኞ ጋሽ ዱሬሳ ደራሹን አሰሩ። በሚቀጥለው የውሃ ቀን ልጆቹ እንደገና ሠላሳ ጀሪካን ሞሉ። መቶ ላይ ሁለት፤ ሁለት መቶ ላይ አራት፤ እንደ በፊቱ ነው። ሦስት መቶ ላይ ግን አምስት። አራት መቶ ላይ ስድስት።

«ተሳስተናል» አለች ፌበን። «ሦስት መቶ ላይ ስድስት መሆን ነበረበት። ስድስት ብለን እንጻፈው፣ መስመሩም ቀጥ ይላል። ቲቸር ቀጥ ያለ ነው የሚወዱት።»

«ቆይ።» ሶሬቲ ጎማው አጠገብ ተንበረከከችና የስልኳን መብራት ወደ ውስጥ አበራች። የደራሹ ጫፎች ማረፊያቸው ላይ ተቀምጠዋል። አሥር ጀሪካን አወረዱና መልሳ አየች፤ በጫፉና በማረፊያው መካከል የደብተር ወረቀት ይገባል። አንድ ሲጭኑ ወረቀቱ ተያዘ። አወረዱ፤ ተለቀቀ። ጫኑ፤ ተያዘ።

«ፌቢ፣ አልተሳሳትንም! መስመሩ የታጠፈው እዚህ ጋ ነው፤ ደራሹ የደረሰው እዚችው ጋ ነው! በዓይናችን እያየነው ነው!»

ፌበንም በጉልበቷ ወርዳ አየች። «አትፎግሪኝ» አለች፤ ከዚያ ወረቀቱን ራሷ ሦስት ጊዜ አስገብታ አወጣች።

ዓርብ ክፍል ውስጥ ሰሌዳውን የሚያህል ካርቶን ላይ ሁለቱን መስመሮች ሥለው አቀረቡ። ሶሬቲ ስለ ጀሪካኖቹ፣ ስለ ደራሹ፣ መስመሩ ስለታጠፈባት ነጥብ ስትናገር የወትሮው የኋላ ወንበር ጫጫታ እንኳ ጠፋ። ቲቸር ሚልኬሳ እጃቸውን አጣጥፈው ሰሙና «በጣም ግሩም ነው። ታዲያ ምን ብለን እንደምድም?» አሉ።

ለዚህ አልተዘጋጀችም። ከሁለት መቶ ኪሎ በኋላ መኪናው የሚወርደው የበፊቱን ግማሽ ነው። ግማሽ ከወረደ…

«ስለዚህ መኪናው አሁን እጥፍ ይጭናል!»

ክፍሉ አጨበጨበ። ቲቸር ሚልኬሳ ካርቶኑ በሳይንስ ቀን ለወላጆች እንደሚታይ ተናገሩ። ሶሬቲ በደስታዋ ምክንያት ያለችውን መልሳ አላሰበችበትም። ፌበን ዓረፍተ ነገሩን ካርቶኑ ግርጌ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈችው፤ ፎቶ አንሥታም በቤተ ክርስቲያኑ የወጣቶች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። ከዚያ ማታ ጀምሮ ሰቦቃ ስልኩን ይዞ ለባለቤቱ ለታደለች፣ ከዚያ ለጎረቤት፣ ከዚያ ለእንቁላል ደንበኞቹ ሲያሳይ ሰነበተ። «የኔ ልጅ ናት የለካችው» ይላል፤ ሌላ ምንም አይጨምርም።

አዲስ የታሰረ ብሎን ትንሽ ከተሄደበት በኋላ እንደገና መጥበቅ አለበት። ስለዚህ በሳምንቱ ሰቦቃና ሶሬቲ ወደ ቀበና ወረዱ። ሰቦቃ ወንዙ ማዶ ላለ ሱቅ እንቁላል ሊያደርስ በእግሩ ሲሻገር ሶሬቲ ፎቶውን ለጋሽ ዱሬሳ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ «እሰይ!» አሉ። «እኔ ሠላሳ ዓመት በጆሮዬ የምሰማውን አንቺ በወረቀት አመጣሽው።»

ከዚያ ቀዩን ጽሑፍ አነበቡ። ስልኩን መለሱላት።

«ፍሬኑ የት ጋ ነው?»

«እ?»

«ሥዕሉ ላይ። ፍሬኑ የት ጋ እንዳለ አሳዪኝ።»

ሶሬቲ ፎቶውን በጣቷ አጉልታ እንደምትፈልግ ሰው አየች። ፍሬን የለም።

«ጎማውስ? ሻንሲውስ?»

«የለም።»

«ጎባጣ ሽማግሌ ምርኩዝ ብትሰጪው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጉልበቱ ግን የጎረምሳ አይሆንም። እኔ ምርኩዝ ነው የሰጠሁት።» መፍቻቸውን አስቀመጡና የሾፌሩን በር ከፈቱ። በሩ ሲዘጋ በሚያርፍበት ምሰሶ ላይ ማንም የማያያት ትንሽ የብረት ሰሌዳ ነበረች። በጨርቅ ጠረጓት። ከነጭነቱ ከዚህ ኪሎ አይብለጥ የሚለው ቁጥር ወጣ። የባዶ መኪናውን ክብደት ቀነሱለት፤ አንድ ሺህ ኪሎ ቀረ፤ ሾፌሩንም፣ ተሳፋሪውንም፣ ዕቃውንም ጨምሮ።

«ይሄ ቁጥር ከእኔ ሥራ በፊት አንድ ሺህ ነበር። ዛሬም አንድ ሺህ ነው። ለአባትሽም ያን ቀን ነግሬዋለሁ። ግን አሁን ከእኔ ይልቅ ያንቺን ወረቀት ነው የሚያምነው መሰለኝ።»

ሰቦቃ እያፏጨ ተመለሰ። ሶሬቲ በመንገድ ላይ ልትነግረው ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች። ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ነገር ተናገረች። «ያውቃል እኮ፣ ተነግሮታል» አለች ለራሷ።

በማግስቱ ለፌበን ነገረቻት። ፌበን ሳንድዊቿን አስቀመጠች። «ታዲያ ማን ይፈትሻል? የሳይንስ ቀን የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነው። እሱ ይለፍና እናርመዋለን። ሶሪ፣ ክፍሉ በሙሉ አጨብጭቦልን አሁን ተሳሳትን ማለት ሼም ነው።»

ሶሬቲ አልመለሰችላትም። ዝምታዋም እንደ እሺታ ተቆጠረ።

ቅዳሜ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገና በሁለት ሰዓት ተጨናነቀ። ጉዞውን የሚመሩት ሽማግሌ ጋሽ ኃይሉ ዝርዝር ወረቀታቸውን ይዘው ከወዲያ ወዲህ ይላሉ። አምስት መቶ ሊትር የሚይዘው ታንከር ፒክአፑ ላይ ተቀምጦ በቱቦ ውሃ ተሞላ። ጄኔሬተሩ ወጣ። ስፒከሮቹ ወጡ። ድንኳኑ ከነብረቱ ወጣ። ሶሬቲ ደብተሯ ጀርባ ላይ ትደምራለች። አምስት መቶ። ስድስት መቶ ሃምሳ። ስምንት መቶ ሃምሳ። አንድ ሺህ አንድ መቶ።

ፒክአፑ ግን የዱሮውን ግማሽ ጭነት የያዘ ነው የሚመስለው። ጎማው ፓራፋንጎውን አልነካም። ፊቱም አላንጋጠጠም።

«ጌታ ይባረክ! ዘንድሮ በአንድ ጊዜ!» አሉ ጋሽ ኃይሉ። «ስልሳውን የብረት ወንበር አምጡ። እናንተ አምስታችሁ ደግሞ ላዩ ላይ ትቀመጣላችሁ።»

ሶሬቲ ጎማውን ትኩር ብላ አየችው። ባለፈው ጊዜ መኪናው ራሱ ተናግሮ ነበር። ተዘርጥጦ፣ ሸትቶ፣ ተፋትጎ «በቃኝ» ብሎ ነበር፤ ጋሽ ኃይሉም ሰምተውት ነው «እንመላለስ» ያሉት። አሁን ደራሹ ያን አፉን ዘግቶበታል። በእሱ ፈንታ የሚናገረው ያ ቀይ ጽሑፍ ነው።

የመጀመሪያዎቹ አራት ወንበሮች ወጡ።

«ጋሽ ኃይሉ» አለች። ድምፅዋ ቀጠነ። «ወንበሮቹ አይጫኑ። የተጫነውም በዝቷል።»

«ምን አልሽ የኔ ልጅ? እይው እንጂ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል!»

«ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው ያታለለን።»

ጋሽ ኃይሉ ፈገግ ብለው ስልካቸውን አወጡና ፎቶውን አሳዩዋት። «እጥፍ ይጭናል ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ወንበር የያዙት ልጆች ቆሙ። ፌበን ከድንኳኑ ገመድ ላይ ቀና ብላ ሶሬቲን አየቻት፤ «እንዳትዪ» የሚል አስተያየት ነበር።

«እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።» ፊቷ ጋለ፤ ግን አንዴ ከጀመረች በኋላ ቃላቱ ራሳቸው መጡ። «የለካሁት ስንት እንደሚወርድ ነው። ስንት መሸከም እንደሚችል አልለካሁም። ወገቡ ተጠናክሯል፤ ፍሬኑ ግን ያው ፍሬን ነው፤ ጎማውም ያው ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ደግሞ ቁልቁለት ነው። የመኪናው ልክ አንድ ሺህ ኪሎ ነው፣ እኛንም ጨምሮ። ወንበሩና ሰዎቹ ሲጨመሩ ከአንድ ሺህ ሰባት መቶ በላይ ይሆናል።»

ሰቦቃ በመኪናው ማዶ ገመድ ይዞ ቆሞ ነበር። ገመዱን ለቀቀ። ዞሮ መጣና የሾፌሩን በር ከፈተ፤ አጎንብሶ ትንሿን ሰሌዳ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ረጅም ጊዜ የወሰደበት መሰላት።

«ጋሽ ዱሬሳም እንዲህ ብለውኝ ነበር» አለ ቀና ሳይል። «እኔ ግን የልጄን…» አልጨረሰውም። «ውሃውና ጄኔሬተሩ ይሂዱ። ሌላው ይውረድ። እመለሳለሁ።»

«ሰቦቃ፣ ፕሮግራሙ እኮ በአራት ሰዓት ነው!»

«ይዘገያል ጋሽ ኃይሉ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ድንኳኑ ወረደ። ስፒከሮቹ ወረዱ። አንዱ ልጅ «ለዚህ ነው እንዴ ከንጋት የተነሣነው?» ሲል ሶሬቲ ሰማች። ፌበን ገመዱን እየጠቀለለች ጀርባዋን ሰጠቻት።

አባትና ልጅ ዳገቱን ወጡ። ባሕር ዛፉ መሀል አየሩ ቀዘቀዘ። ጫፉን አልፈው ቁልቁለቱን እንደጀመሩ፣ ከመታጠፊያው በኋላ አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ ሊያወርድ መንገዱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሰቦቃ ፍሬን ረገጠ። ፒክአፑ ታዘዘ፤ ግን እንደ እንቁላሉ ቀን አልነበረም። ውሃው ከኋላ የሚገፋቸው ይመስል ትንሽ ሄደ፤ ትንሽ ሄደ፤ ከሚኒባሱ አንድ እርምጃ ሲቀረው ቆመ። የሚኒባሱ ረዳት ዞሮ አያቸውና እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ።

ሰቦቃ እጆቹን ከመሪው ላይ አላነሣም።

«ይሄ በግማሹ ጭነት ነው» አለ በመጨረሻ።

«አዎ።»

ሚኒባሱ ከሄደ በኋላም ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ሰቦቃ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በቀስታ፣ ቁልቁለቱን ወረደ። ሶሬቲ መንገዱን እያየች ጠየቀች። «አባዬ፣ ፍሬን እንዴት ነው የሚለካው?»

ሰቦቃ ዞሮ አያት። ሳቅ መጣበት። «እኔ እንጃልሽ። ጠዋት ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆመሽ፣ አሁንም ጥያቄ አልጨረስሽም?»

«ባዶውን ሲሄድ ለመቆም ስንት ሜትር እንደሚፈጅበት፣ አምስት መቶ ኪሎ ሲጫን ደግሞ ስንት እንደሚሆን። ሰው የሌለበት ሜዳ ላይ፣ በቀስታ።»

«ጋሽ ዱሬሳን እንጠይቃቸዋለን» አለ ሰቦቃ። «ያለ እሳቸው ግን አንሞክራትም።»

ለሁለተኛው ጉዞ ሲመለሱ ግቢው ጸጥ ብሎ ነበር። አብዛኞቹ ወጣቶች በታክሲ ቀድመዋል። ፌበን በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። ሶሬቲ መጥታ አጠገቧ ቆመች። ፌበን ቀና አላለችም።

«ከግሩፑ ላይ አጥፍቼዋለሁ» አለች ፌበን። «አናደሽኛል ግን። ቢያንስ ለእኔ ቀድመሽ ንገሪኝ።»

«ነግሬሽ ነበር።»

ፌበን ስልኳን ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሶሬቲም ልትረታት አልፈለገችም። ስልኳን አወጣችና ቆማ ጻፈች፤ «ሰላም ቲቸር። የፕሮጀክታችን መደምደሚያ ስህተት ነው። ክፍል ውስጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ባለበት ላስተካክለው እፈልጋለሁ።» ከመላኳ በፊት ለፌበን ሰጠቻት።

ፌበን አነበበችው። መልሳ አነበበችው። ስልኩን መለሰችላት።

ሶሬቲ መልእክቱን ላከችው፤ ስልኩን ኪሷ ከተተችና ሁለት ወንበር አንሥታ አባቷ ወደቆመበት ሄደች።